አሮጌዋን መንኮራኩር ልሙላት ወይስ አዲሷን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣችው የሌጎ (ከተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡቦች የሚሠራ መጫወቻ) ጋላክሲ ኤክስፕሎረር መንኮራኩር ቤታችን አለች። ግራጫው ወይቧል፣ ጥቂት ቁራጮች ጠፍተዋል፣ የአንዱ ጠፈርተኛ የራስ ቁርም አገጩ ላይ ተሰብሯል። በ2022 እንደ አዲስ ተነድፋ የወጣችውን ገዝቼ ከእሷ እየነቀልኩ ልሙላት? ለመሆኑ አዲሷ ከቀድሞዋ ትሻላለች?»

መልስ፦ ከአዲሷ እየነቀሉ አሮጌዋን አይሙሉ። መግጠሙን ይገጥማል፤ ከ1958 ወዲህ የተሠሩት የሌጎ ጡቦች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ችግሩ ቀለሙ ነው። ኩባንያው በ2004 አካባቢ ግራጫውን ለውጦታል፤ የድሮው ወደ ቡናማ ያደላል፣ የአሁኑ ወደ ሰማያዊ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ በሌላ ጨርቅ እንደተጣፈ ልብስ ያስታውቃሉ። ለጎደለው ቦታ ከ2004 በፊት የተሠራ ያገለገለ ግራጫ ይፈልጉ። የራስ ቁሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮው አገጩ ላይ ቀጭን ስለነበር ብዙው ተሰብሯል፤ የአዲሷ እዚያው ላይ ወፈር ተደርጎ ተሠርቷል። ልጅ የሚጫወትበት ከሆነ አዲሱን ቢያደርጉለት አልቃወምም።

ትሻላለች ወይ ላሉት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቁራጭ ብዛት ሲያወዳድር ነው። የቀድሞዋ 338፣ አዲሷ 1254 ቁራጭ አላት። ይህ አራት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ግን አራት እጥፍ የበለጸገች ናት ማለት አይደለም። አዲሷ የተነደፈችው የቀድሞዋን በርዝመት፣ በወርድና በቁመት አንድ ተኩል ጊዜ በማሳደግ ነው። 1.5ን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ቢያባዙት 3.375 ይመጣል። ስለዚህ አብዛኛው ጭማሪ ከግዝፈቷ የመጣ ነው።

እኔ የማየው ይህ ግዝፈት ያመጣውን ሸክም ነው። ክብደቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን ክንፉም ከሥሩ አንድ ተኩል ጊዜ ርቆ ይንጠለጠላል፤ የክንፉ ሥር የሚሸከመው ጫና ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው። የቀድሞዋን አሠራር አተልቆ መድገም ብቻውን አይበቃም፤ ስሶቹ ጠፍጣፋ ቁራጮች የግጥሚያውን መስመር አቋርጠው መደራረብ አለባቸው። የሁለት ተደራራቢ ድርቦች ግጥሚያ በአንድ መስመር ላይ ካረፈ መጀመሪያ የሚከፈተው እዚያ ነው። ስለዚህ ተሠርታ ካለቀች በኋላ ወገቧን ይዘው ያንሷትና የክንፎቹን ጫፍ ይመልከቱ። ጎንበስ ካሉ ከሥሩ ያልተጫነ ቁራጭ አለ፤ ከላይ ከመጫን ይልቅ እስከዚያ ፈትተው ይመለሱ።

ሌላው ልዩነት የቅርጽ ነው። የቀድሞዋ በአብዛኛው ከታች ወደ ላይ የተደረደረች ናት። ዛሬ ነዳፊዎች ቁራጭን በጎኑ አዙረው ይገጥማሉ። የስሱ ቁራጭ ውፍረት 3.2 ሚሊሜትር፣ ከቁራጩ ላይ ያሉት የመግጠሚያ ጉብታዎች ርቀት ደግሞ 8 ሚሊሜትር ስለሆነ አምስት ስስ ቁራጮች ተደራርበው የሁለት ጉብታ ስፋት፣ 16 ሚሊሜትር፣ በትክክል ይሞላሉ። ይህ ስሌት ያምራል፤ ግን አንዲት ስስ ቁራጭ ከተዛነፈች ጎኑ አልገጥምም ይላል። በጉልበት አይግፉት፣ ስህተቱ ከኋላ ነው።

አዲሷ በእኔ ዓይን ጎበዝ ሥራ ናት። የማረፊያ እግሮቿ ይታጠፋሉ፣ ውስጧ አልጋ አለ፣ ጽሑፍና ምልክቶቹም የሚለጠፉ ሳይሆኑ ቁራጩ ላይ የታተሙ ናቸው። አራቱ ጠፈርተኞች፣ ሁለት ቀይና ሁለት ነጭ፣ እንደ ቀድሞው አሉ፤ ሮቦትም ተጨምሯል። ነገር ግን የቀድሞዋ ከመንኮራኩሯ ጋር እሳተ ገሞራ መሳይ ጉድጓድ ያለበት መደብ፣ የማረፊያ ሜዳና የመቆጣጠሪያ ቤት ነበራት። አዲሷ እነዚህን ትታለች። ለልጅ ጨዋታ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ መንኮራኩር የምታርፍበት ሲኖራት ታሪኩ ይረዝማል። ሣጥኑ ላይ ያለው 18+ የሚለውም ለማን እንደታሰበች ይናገራል።

ስለዚህ መንኮራኩሯን ብቻ ካየን አዲሷን አስቀድማለሁ፤ ለመጫወቻነት ሙሉ የሆነችው የቀድሞዋ ናት። አቅሙ ካለዎት አዲሷን ለብቻዋ ይሥሯት። በእሷ ቁራጮች ቁጥር 918 እና 924 የተባሉትን የድሮ የሌጎ ሣጥኖች ትናንሽ መንኮራኩሮች በአዲስ መልክ መሥራት ይቻላል፤ መመሪያው ወጥቷል፣ ትልቋን ግን ማፍረስ ይጠይቃል።

አሮጌዋን በተመለከተ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይጠቧት፤ የታተመባቸውን ቁራጮች አይፈትጉ። ከዚያ በኋላም የወየበ ቁራጭ ካለ ችግሩ አቧራ ሳይሆን ብርሃን ያመጣው ነው። 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ነክረው ብርሃን ላይ ቢያስቀምጡት ይነጣል፣ ቢጫው ግን በጊዜ ብዛት ሊመለስ ይችላል። መጀመሪያ በማይታይ አንድ ቁራጭ ይሞክሩ፤ ቢጫ መስታወቶቹንና የታተሙትን አያስገቡ። ሲጨርሱ መደርደሪያዋን ከመስኮት ራቅ ያድርጉላት።