ቀለሙ ፈዘዘ ማለት ላሟ አላረገዘችም ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «ላሜን በሰው ሠራሽ ዘዴ ካስዳቀልኳት በ22ኛው ቀን ወተቷን በፕሮጄስትሮን መመርመሪያ ሞከርኩት። ቀለሙ ፈዞ ወጣ። አላረገዘችም ብዬ፣ ቶሎ ኮርማ እንድትፈልግ የፕሮስታግላንዲን መርፌ ላስወጋት ነው። ደግሞ ማሸጊያው ላይ ‹ፀረ እንግዳ አካል› የሚል አየሁ፤ ይሄ የበሽታ ምርመራ ነው እንዴ?»

መልስ፦ መርፌውን ያቆዩት! ፕሮጄስትሮን እርግዝናን የሚያጸና ሆርሞን ነው። ኢንዛይም በሚጠቀሙት በአብዛኞቹ የወተት ፕሮጄስትሮን መመርመሪያዎች ቀለሙ የሚፈዘው ሆርሞኑ ሲበዛ ነው። ያላረገዘች ላም ሆርሞኗ በዚህ ሰሞን ዝቅ ስለሚል፣ በ22ኛው ቀን በዝቶ ከተገኘ ላምዎ ሳታረግዝ አልቀረችም። ፕሮስታግላንዲን ፕሮጄስትሮን የሚመነጭበትን፣ እንቁላል እጢዋ ላይ ያለውን ቢጫ አካል ያፈርሳል። በዚህ ጊዜ እርጉዝ ላም ከተወጋች ጽንሱ ይወርዳል።

ስለ ፀረ እንግዳ አካሉ አይስጉ፤ ላምዎ አልታመመችም። ፀረ እንግዳ አካል ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የሚሠራው፣ ያንኑ ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን ነው። እዚህ ግን የሚያገለግለው ሆርሞን ለማጥመድ ነው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ፕሮጄስትሮን በጣም ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ ብቻውን ቢወጋ ሰውነት እንደ ባዕድ አይቆጥረውም። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ከትልቅ ፕሮቲን ጋር አጣብቀው እንደ ጥንቸል ያለ እንስሳ ይወጉታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሆርሞኑን የሚለይ ፀረ እንግዳ አካል ከደሙ የሚገኘው። ሆርሞንን በዚህ መንገድ መለካት የጀመሩት ሰለሞን በርሰንና ሮዛሊን ያሎው ናቸው፤ ያሎው በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቤል ተሸልማለች። የእነሱ ዘዴ ግን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይፈልግ ስለነበር ለበረት የሚሆን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበሩት ኮራሊ ሙንሮና ጆርጅ ስታበንፌልት በጨረሩ ቦታ ኢንዛይም ተክተው ፕሮጄስትሮንን በቀለም የሚለካ ዘዴ አሳተሙ። እርስዎ እጅ የገባው መመርመሪያም የዚያ ዓይነት ዘዴ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። የመመርመሪያዋ ጉድጓድ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ፀረ እንግዳ አካሉ ተለጥፏል። ወተቱ ሲገባ፣ ኢንዛይም የታሰረበት ሌላ ፕሮጄስትሮን አብሮት ይገባል። ሁለቱ ለአንድ መቀመጫ ይሻማሉ። ወተቱ ብዙ ሆርሞን ካለው መቀመጫውን ቀድሞ ይሞላዋል፤ ቦታ ያጣው ኢንዛይም ሲታጠብ ይሄዳል። ቀለም የሚያወጣው ኢንዛይሙ ነውና ቀለሙ ይፈዛል። ያላረገዘች ላም ወተት ሆርሞኑ ትንሽ ስለሆነ ደማቅ ቀለም ይሰጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ አልፈርድም፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ገልብጬ አንብቤዋለሁ። በእርግዝና ጊዜ የሚወጣውን ፕሮቲን የሚፈልገው ሌላው መመርመሪያ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እዚያ ደማቅ ቀለም እርግዝናን ያሳያል። ስለዚህ የእርስዎን ማሸጊያ መመሪያ ከቀለሙ በፊት ያንብቡ።

ፈዘዘ ማለት ግን በእርግጠኝነት አረገዘች ማለት አይደለም። ሆርሞኑ ዝቅ ብሎ ከተገኘ አላረገዘችም ማለት ይቻላል፤ ከፍ ብሎ መገኘቱ ግን ማስረጃ ሳይሆን ተስፋ ነው። የአንዳንዷ ላም ዑደት 24 ቀን ይደርሳል፤ አንዳንዷ የተዳቀለችው ኮርማ ሳትፈልግ ሊሆን ይችላል፤ ማህፀኗ መግል ይዞ ቢጫው አካል ሳይፈርስ የሚቆይባትም አለች። ለዚህ ነው በተዳቀለችበት ቀንም ወተቷን መመርመር የምወደው፤ ያን ቀን ሆርሞኑ ከፍ ካለ ኮርማ አልፈለገችም ነበር፣ ማዳቀሉም ከንቱ ነበር ማለት ነው።

አወሳሰዱም ልዩነት ያመጣል። ፕሮጄስትሮን ከቅባት ጋር ስለሚሄድ መጀመሪያ የሚታለበው ስስ ወተትና መጨረሻ ላይ የሚታለበው አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። ሁልጊዜ ከአንድ ደረጃ ይውሰዱ፤ ቅባቱ የወጣለት ወተት አይጠቀሙ። የሰው እርግዝና መመርመሪያ እንዳይሞክሩ ደግሞ አደራ፤ የሚፈልገውን ሆርሞን ላም አታመነጭም።

ማረጋገጫው ከ28ኛው ቀን በኋላ የሚሠራው የእርግዝና ፕሮቲን ምርመራ ወይም በዚያው ሰሞን የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። የፕሮቲኑን ምርመራ ከመረጡ ከወለደች 60 ቀን ማለፉን ያረጋግጡ፤ ካለፈው እርግዝና የቀረው ሊያሳስት ይችላል። እስከዚያው ኮርማ የፈለገች ብትመስልዎትም አዳቃዩን ከመጥራትዎ በፊት የዚያን ቀን ወተት ይመርምሩ። እርጉዝ ሆነውም የሚደሩ ላሞች አሉ፤ የማዳቀያው ቱቦ ማህፀን ውስጥ ከገባ ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ቀለሙ አሁንም ፈዞ ከወጣ አያስዳቅሏት።