በረሃብ አገር ስለ ስብ ይጠናል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሌሎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ላንሳው። በሕክምና ላብራቶሪ ተመርቀሽ በግል ክሊኒክ ትሠሪያለሽ። በክሊኒካል ኬሚስትሪ ማስተርስሽን መቀጠል፣ መመረቂያሽንም በሰውነት ስብና በስኳር በሽታ ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። የኮሌጅ ክፍያሽን የሸፈኑት አጎትሽ ግን «ውፍረት የሀብታም በሽታ ነው፤ በረሃብ አገር ስለ ስብ ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?» ይላሉ። ወይ ፐብሊክ ሄልዝ ተማሪ፣ ወይ ዱባይ ሂጂ ብለውሻል። ታናናሾችሽን በየወሩ ትረጃለሽ፤ ዕድሜሽ 29 መሆኑና እንግሊዝኛሽም ያሳስቡሻል።

የአጎትሽ ጥያቄ ላይ ልቆይ። ብዙ የተማረ ሰው ሳይቀር ሲደግመው እሰማለሁና።

ስብን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሞራ አድርገን ነው የምናየው። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ የሚባል፣ ሰውነትን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር በብዛት እንደሚመረትና የኢንሱሊንን (ስኳርን ከደም ወደ ህዋስ የሚያስገባውን ሆርሞን) ሥራ እንደሚያውክ አሳዩ። በዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ከስብ የሚመነጨውን የጥጋብ ሆርሞን፣ ሌፕቲንን፣ አገኘ። ስብ ራሱ ሆርሞን አመንጪ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ጤነኛ ስብ እንደ ጎተራ ነው፤ ትርፉን ተቀብሎ ያስቀምጣል። ጎተራው ሲሞላ ስቡ ወደ ጉበትና ወደ ጡንቻ ይፈሳል። እነሱ ደግሞ ለዚህ አልተሠሩም፤ ለኢንሱሊን አንታዘዝም ይላሉ። ቆሽት አብዝቶ እያመነጨ ይታገላል። ሲያቅተው ስኳር ይመጣል። ስለዚህ ዋናው ነገር ኪሎው ብቻ ሳይሆን ስቡ የት እንዳረፈ ነው። ቦርጭ ውስጥ የተከማቸው ዳሌ ላይ ካለው ይከፋል። ሊፖዲስትሮፊ የሚባለው ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስብ የሚያስቀምጡበት ስለሌላቸው ቀጭን ሆነው ከባድ ስኳር ይይዛቸዋል።

አሁን ወደ ረሃብ እንምጣ። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ተርባ ነበር። በዚያ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ፣ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር አቅሙ ከሌሎቹ ደክሞ ተገኘ። እኛ ጋ በ1977ቱ ረሃብ የተፀነሱ ልጆች ዛሬ 40 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። አንዳንዶቹ ከተማ ገብተው ቁጭ ብለው ይሠራሉ፣ ቦርጭም አውጥተዋል። ረሃብ ባለፈበት አገር ስብን ማጥናት ቅንጦት የሚሆነው እንዴት ነው? እንዲያውም እዚህ ነው የሚያስፈልገው።

ሌላም አለ። ጎንደርና ጅማ ያሉ ሐኪሞች ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ ግን ከተለመደው ዓይነት 1 ስኳር (ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን አመንጪ ህዋሶች ከሚያጠፋበት) የሚለዩ ቀጫጭን ድሃ ገበሬዎችን ለዓመታት ሲያክሙ ኖረዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ የተቀበለው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የእነዚህ ችግር ኢንሱሊን በበቂ አለመመረቱ ነው። የቦርጫሙ ችግር ደግሞ ኢንሱሊኑ እያለ አለመታዘዙ ነው። ሁለቱንም «ስኳር አለብህ» ብሎ መሸኘት አይበቃም። ማን ይለያቸው? ላብራቶሪ ያለው ሰው ነዋ።

በደብዳቤሽ የስብ ህዋስ ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጌ እመራመራለሁ ያልሽውን ሐሳብ ግን ለጊዜው አቆዪው። በአንቺ አቅም የሚሠራ ርዕስ አለ። የወገብ ዙሪያ ለኪ፤ ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሰው ቁርስ ሳይበላ ስኳሩን፣ ኢንሱሊኑንና ትራይግሊሰራይዱን (በደም ውስጥ ያለውን ስብ) ለኪ። ስኳሩን በሚሊሞል፣ ኢንሱሊኑን በማይክሮ ዩኒት ወስደሽ አባዢና ለ22.5 ስታካፍዪው ሆማ የሚባለውን፣ ሰውነት ለኢንሱሊን ምን ያህል እንደማይታዘዝ የሚያሳየውን ቁጥር ይሰጥሻል። የኢንሱሊን ኪት ውድ ስለሆነ ጥቂት ሰው በጥንቃቄ መርምሪ። ናሙናው ሄሞላይዝ ካደረገ (ቀይ የደም ህዋሶቹ ከፈረሱ) ጣይው፤ ኢንሱሊኑ ይበላሻል። ይህን ጥንቃቄ የሚያውቀው ደም ሲቀዳና ሴንትሪፊውጅ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። እኔም ወደ ማስተማር የገባሁት ከሆስፒታል ላብራቶሪ ተነስቼ ነው። ከቻልሽ ከክሊኒኩ ወጥተሽ የመንግሥት ሆስፒታል ግቢ። ደመወዙ ያንሳል፤ ግን የሕመምተኛው ብዛት እዚያ ነው፣ በመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት የመማር ዕድልም አለ።

አጎትሽን አመስግኚያቸው፤ ክፍያሽን ስለሸፈኑ ግን ሕይወትሽን አይወስኑም። ለታናናሾችሽ በየወሩ የምትሰጪውን ልክ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ከዚያ በላይ ሲጠይቁሽ «የለኝም» በይ። ፐብሊክ ሄልዝ ጥሩ ሙያ ነው። ግን እሳቸው እንደሚያስቡት አስተማማኝ አይደለም፤ የአሜሪካ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲቋረጥ ስንት የፕሮጀክት ሠራተኛ ቤት እንደዋለ አይተናል። ዱባይም ብትሄጂ በሙያሽ ለመሥራት የፈቃድ ፈተና አለ፤ ያለ እሱ የምታገኚው ሥራ ከሙያሽ ውጭ ነው።

29 ዓመት ምንም አይደለም። እንግሊዝኛሽ የሚሻሻለው በማንበብ ነው፤ በሳምንት አንድ ጥናት፣ መጀመሪያ «የጥናቱ ዘዴ» የሚለውን ክፍል አንብቢ። ለድህረ ምረቃ ብሔራዊ መግቢያ ፈተናው አሁኑኑ ተዘጋጂ። ርዕስሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።