የእንግሊዝ ገጠር ቅድመ አያቶቻችሁን ፍለጋ ለምትሄዱ

ልጆቼ፣

እናታቸው ወይም አያታቸው እንግሊዛዊ የሆኑ ብዙ ወጣቶች አውቃለሁ። ከእነሱ አንዱ ከሆናችሁ ይህ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት እንግሊዝ አገር፣ በአንድ ካውንቲ (እንደ እኛ ክፍለ ሀገር ያለ) ቤተ መዛግብት ነው። ስንቱ መንደሩን ዞሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ባዶ እጁን እኛ ዘንድ መጣ መሰላችሁ! እናንተ ግን ከመዝገቡ ጀምሩ፤ መንደሩ ይደርሳል።

እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው በቃል ነው። እነሱ ዘንድ ከ1538 ጀምሮ (የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) እያንዳንዱ አጥቢያ ክርስትናን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ታዘዘ። ሁሉም መዝገብ አልተረፈም። የተረፈውም በአብዛኛው ካውንቲው ቤተ መዛግብት ገብቷል፤ ስለዚህ ቄሱን አታስቸግሩ። ከ1837 ወዲህ የተወለደውንና የሞተውን መንግሥት ራሱ መዝግቧል። የትኛው መንደር እንደሆነ ካላወቃችሁ የ1851ን የሕዝብ ቆጠራ እዩ። የተወለዱበትን አጥቢያ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ደግሞ እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ማርች 25 ቀን ነበር። በ1720 ፌብሩዋሪ ክርስትና ተነሳ የተባለ ሕፃን፣ በዛሬው አቆጣጠር 1721 ላይ ነው። ዘመን መለወጥ ለለመደ ሐበሻ ይሄ አይከብድም።

አሁን ደስ የማይላችሁን ልንገራችሁ። ያ ኮረብታ ላይ ያለው ትልቅ የመኳንንት ቤት የእናንተ ዘመዶች የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው። መዝገቡ ላይ ደጋግማችሁ የምታነቡት «የእርሻ የቀን ሠራተኛ» የሚል ነው። አንዲት ላም የሚያሰማሩበት የጋራ መሬት ነበራቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመንና በ19ኛው መጀመሪያ ፓርላማው ሕግ እያወጣ በአጥር አስከልሎ የግል አደረገው። ከ1834 በኋላ ደግሞ ሥራ ያጣ ድሃ እርዳታ ሲጠይቅ ወደ ድሆች ማደሪያ ይላክ ነበር፤ እዚያም ባልን ከሚስት፣ ልጅን ከእናት ይለያዩ ነበር። ታዲያ ቢሰደዱ ምን ይገርማል? በ1851 ከሕዝቡ ግማሽ በላይ የከተማ ነዋሪ ሆኖ ተገኘ። ያቺ ሣር ክዳን ጎጆ ዛሬ ፖስትካርድ ላይ ታምራለች፤ ምናልባትም የሎንዶን ሀብታም ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍባት ሆናለች። እነሱ ግን ጥለዋት የሄዱት ርቧቸው ነው።

በዚህ ምክንያት ቀኑን ሙሉ መቃብር ለመቃብር አትዙሩ። የመቃብር ድንጋይ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ድሃው ያለ ምልክት ነው የተቀበረው።

ይልቅ ቦቲ ጫማ አድርጉና በእግር ሂዱ። የኦርድናንስ ሰርቬይን (የአገሩን ካርታ ሠሪ ድርጅት) ካርታ፣ 1፡25,000 መጠን ያለውን፣ ግዙ። አረንጓዴው ቁርጥራጭ መስመር የሕዝብ የእግር መንገድ ነው። በሰው እርሻ መሀል ቢያልፍም መሄድ መብታችሁ ነው፤ በሩን ብቻ እንዳገኛችሁት ተዉት። ብዙዎቹ መንገዶች ሠራተኛው ከጎጆው ወደ እርሻው፣ እሁድ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ የረገጣቸው ናቸው። እኔ ብሆን ከትልቁ ቤት ይልቅ ይህን አስቀድማለሁ። እሁድ ግን የገጠር አውቶቡስ አትመኑ፤ ብዙ ቦታ ጭራሽ የለም።

ለቤተ ክርስቲያን በእህል ይከፈል የነበረውን አሥራት በገንዘብ ከለወጠው ከ1836 ሕግ በኋላ የተሠሩት ካርታዎች ከነመዝገባቸው የየማሳውን ስም ሳይቀር ይዘዋል። ኮፒውን ይዛችሁ መንደሩ መጠጥ ቤት ግቡና ለሽማግሌዎቹ አሳዩ። «ዘመዶቼን ታውቃላችሁ?» ብትሏቸው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። «ይህ ማሳ የቱ ጋ ነው?» በሏቸው፤ እየተከራከሩ ያሳዩአችኋል።