ይህቺ መኪና ስንት ሄዳለች?

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡልን ጥያቄዎች ኪሎ ሜትር ላይ ተሰብስበዋል። ሦስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ ወይ! ከደሴ ነው። ወንድሜ ቪትዙን ለእኔ ትቶልኝ አዲስ አበባ ገባ። ዘይት ልቀይር ስሄድ ልጁ «ስንት ሄዳለች?» ሲለኝ ዳሽቦርዱን አየሁና 412.6 አልኩት። ሳቀብኝ። ትክክለኛው ቁጥር የት ነው ያለው?

መልስ፦ ከሚስቅ ቢያሳይህ ምን ነበረበት! ያየኸው የጉዞ ቆጣሪውን ነው፣ ትሪፕ የሚባለውን። እሱ የሚቆጥረው መጨረሻ ዜሮ ከተደረገበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ብዙ ጊዜ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ካለ ትሪፕ ነው፤ ጠቅላላው ነጥብ የለውም፣ ቁጥሩም ረዘም ይላል።

የዳሽቦርዱ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ ብቻ ቁልፉን አዙረው። ሞተር ማስነሳት አያስፈልግም። ከቁጥሩ አጠገብ የምትጫን ትንሽ በተን አለች፣ ነካ አድርገህ ልቀቃት። ትሪፕ ኤ፣ ትሪፕ ቢ፣ ከዚያ ኦዶ እያለች ትዞራለች። ኦዶ ያለው ነው የምትፈልገው። ትሪፕ ላይ ሆነህ ተጭነህ ከቆየህ ዜሮ ይሆናል፣ ኦዶውን ግን በዚያች በተን ማጥፋት አይቻልም፣ ስለዚህ አትፍራ። ባትሪ ቢነቀልም ሰዓቱና ትሪፑ ይጠፉ ይሆናል እንጂ ጠቅላላው አይነካም። አዳዲስ መኪኖች ላይ በተኑ መሪው ላይ ነው፣ ወይም ቁጥሩ ሁልጊዜ ከታች ይታያል።

ትሪፑንም አትናቀው። ነዳጅ ሙሉ ስትቀዳ ዜሮ አድርገው፣ በሚቀጥለው ስትሞላ ኪሎ ሜትሩን ለቀዳኸው ሊትር አካፍል፤ አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድህ ታውቃለህ። የነዳጅ ጌጅ የሚዋሽባት መኪና ይዞ ለሚሄድ ሰው፣ ያውም በዚህ የነዳጅ ሰልፍ፣ ትልቅ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ ልገዛ ነው። ቆጣሪዋ 68 ሺህ ይላል። ደላላው «የአንዲት እናት መኪና ናት፣ ከቤት ብዙም አትወጣም» አለኝ። ልመን?

መልስ፦ እህቴ፣ እኚህ እናት የሌሉበት ከተማ የለም፤ ስንቱ መኪና በእሳቸው ስም ተሸጠ! እስቲ እናስላው። ሞዴሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ መኪናዋ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። አንድ ሰው ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ ቢሠራ ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሳምንት 5 ቀን ቢመላለስ 68 ሺህን በ5 ዓመት ግድም ይጨርሰዋል። የቀሩትን ዓመታት ቆማ ነበር ማለት ነው? ሊሆን ይችላል። ግን የዲጂታል ቆጣሪን ቁጥር በመሣሪያ ዝቅ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገሪቱ የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች አሮጌዎቹ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው፣ በየእጁ ቁጥሩን የሚነካ አይጠፋም።

ስለዚህ ዳሽቦርዱን ተይና እግርሽ ሥር እዪ። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላስቲክ ጥርሱ አልቆ ከለሰለሰ 68 ሺህ አይደለችም። አዲስ ላስቲክ ከሆነም ለምን ተቀየረ ብለሽ ጠይቂ። መሪው እጅ በሚያዝበት በኩል ያብለጨልጫል? የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ሰምጧል? በሩን ከፍተሽ ጠርዙን፣ ኮፈኑንም አንስተሽ ውስጡን ፈልጊ፤ ዘይት የቀየሩበት ቤት ኪሎ ሜትር ጽፎ የለጠፋት ወረቀት አንዳንዴ ተረስታ ትቀራለች። እዚያ ላይ 140 ሺህ ተጽፎ ካገኘሽ ከደላላው ጋር መከራከር አያስፈልግም፣ ወረቀቷን አሳዪው።

መካኒክሽ ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካለው ደግሞ የብልሽት ኮድ ከጠፋ ወዲህ የተሄደውን ርቀት ይይልሽ። ሁሉም መኪና አያሳየውም። የሚያሳየውም ብዙ ጊዜ ከ65 ሺህ ግድም በላይ አይቆጥርም፣ ስለዚህ የሚጠቅመው ቆጣሪዋ ከዚያ በታች ለምትል መኪና ነው፤ እዚያ ላይ ከቆጣሪው ከበለጠ ነገሩ አለቀ። ትንሽ ቢሆን ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም ትናንት አጥፍተውት ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ሲገጥምሽ ከቁጥሩ ጎን ማይል የሚል እንዳለ እዪ፤ 68 ሺህ ማይል ወደ 109 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው።

እኔን ካልሽኝ 220 ሺህ የሄደች፣ የዘይት ወረቀቶቿ የተያዙላት መኪና ትሻለኛለች። ጠዋት በብርድ፣ ሻጩ ሳያሞቃት በፊት አስነሺያትና ጭሷን እዪ። ከዚያ ሐረጎን፣ የደሴና ኮምቦልቻን መንገድ ዳገት፣ አውጫት። ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ ካልተሳበች ፍሪሲዮኗ አልቋል። የሙቀት ጌጁንም እስከ ላይ ድረስ አትርሺው። ሻጩ «ዳገት ምን ያደርጋል፣ ከተማ ውስጥ ሞክሪያት» ካለሽ ሌላ መኪና ፈልጊ።

ጥያቄ፦ የድሮ ሹፌር ነኝ፣ ኮምቦልቻ። ሐረጎን ማርሽ አውጥቼ ስወርድ ቆጣሪው አይቆጥርም ይለኛል ልጄ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ይቆጥራል። ቆጣሪው የሚከተለው የጎማውን ዙር ነው፤ ሞተሩ ቢጠፋና መኪናው ቢጎተት እንኳ ጎማው ከዞረ ብዙዎቹ መኪኖች ላይ ቁልፉ እስከተከፈተ ድረስ ይቆጥራል። በነገራችን ላይ ከፋብሪካው መጠን ተለቅ ያለ ጎማ ካሰሩ፣ ቆጣሪው ከሄዱት አሳንሶ ነው የሚጽፍልዎት።

ግን ጋሼ፣ ማርሽ ማውጣቱን ይተዉት። ያን ሁሉ ጥምዝምዝ በፍሬን ብቻ ሲወርዱ ፍሬኑ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ከሆነም አይጠቅምዎትም፤ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ ሳይረገጥ ሲወርድ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፣ በዜሮ ማርሽ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል። ሲወጡ የሚያስገቡትን ማርሽ ሲወርዱም ያስገቡ፣ ልጅዎንም እንደዚያው ያስተምሩት።