ጠገራው፣ ሳንቲሙና የአክሱም ነሐስ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ወር ስለ ጥንታዊ ገንዘቦች ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች ከጠበቅሁት በላይ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስተናገድ ስለማይቻል ሰባቱን መርጫለሁ። ረጅም የሚገባው ረጅም መልስ አግኝቷል፤ በአጭሩ የሚያልቀውን በአጭሩ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የልዩ ልዩ አገሮችን ሳንቲም ከ30 ዓመት በላይ አጠራቅሜአለሁ። ልጆቼ «አባባ፣ ዳቦ የማይገዛ ገንዘብ ምን ያደርግልዎታል?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦ መምህር፣ በቃል ከመመለስዎ በፊት አንዱን አንስተው በመዳፋቸው ላይ ያስቀምጡላቸው። እኔንም ያሸነፈኝ እንዲህ ያለ ቅጽበት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ሙዚየም ውስጥ፣ ባለሙያው ከአጠገቤ ሆኖ፣ የአክሱሙን ንጉሥ የዋዜባስን የነሐስ ገንዘብ እንድይዝ ተፈቀደልኝ። ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ክብደቱም እዚህ ግባ አይባልም። ነሐሱ ጠቁሮ ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው ግን ከንጉሡ ራስ ዙሪያ አንዲት ትንሽ የወርቅ ክብ ብልጭ አለች። አንጥረኛው በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስስ ወርቅ ለብጦ የንጉሡን ራስ አክሊል እንደ ከበበው አድርጎታል። 1,600 ዓመት ገደማ አልፎም ወርቁ አልለቀቀም። በተራ የመገበያያ ነሐስና ብር ላይ እንዲህ ወርቅ መለበጥ የአክሱም ልዩ ጥበብ ነው፤ በዚያ ዘመን ሌላው ዓለም ያደረገው አይደለም።

ዙሪያውን በግሪክ ፊደል «ቱቶ አረሴ ቴ ኮራ» የሚል ተጽፎበታል፤ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» ማለት ነው። አንድ ንጉሥ በገበያ ለሚዘዋወረው፣ እህልና ጨው ለሚገዛበት ዝርዝር ገንዘብ ይህን ቃል መረጠ። ያን ቀን ቃሉን ሳነብ ከዋዜባስ ጋር የተነጋገርሁ ያህል ተሰማኝ፤ ዛሬም ሳስበው ልቤ ይሞቃል።

ሌላም አለ። አክሱም ገንዘብ ማውጣት የጀመረችው በ3ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ሲሆን እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ድረስ ዘልቃለች። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከነገሡት አብዛኞቹን የምናውቃቸው በገንዘባቸው ብቻ ነው። ሐውልት አላቆሙም፤ ካቆሙም ስማቸው አልተጻፈበትም። ያቺ ጥፍር የምታህል ነሐስ ባትኖር ኖሮ የንጉሡ ስም ከምድር ላይ ጠፍቶ ነበር። የኢዛናን ገንዘቦች በተራ ቢደረድሯቸው፣ የቀደሙት ላይ ጨረቃና ክብ ያገኛሉ፣ የኋለኞቹ ላይ ደግሞ መስቀል። አንድ አገር ሃይማኖቱን ሲለውጥ በገንዘቡ ላይ ይታያል። በዓለም ላይ መስቀልን በገንዘባቸው ላይ ካተሙት ከመጀመሪያዎቹ አንዷ አክሱም ናት።

ሐውልትን ለማየት ወዳለበት መሄድ ግድ ነው። ገንዘብ ግን ራሱ ተጓዥ ነው። በ1940 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ገንዘቦች ተገኝተዋል። ኩሻን ሰሜን ሕንድንና የመካከለኛውን እስያ ክፍል ይገዛ የነበረ መንግሥት ነው። ያ ወርቅ በስንት መርከብና በስንት ግመል ተጭኖ፣ በስንት ሰው መቀነት ታስሮ እዚያ አምባ ላይ እንደ ደረሰ ልጆችዎ እስቲ ያስቡት።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አያቴ የተወችልኝ ጠገራ ብር አለኝ፤ ላዩ ላይ 1780 ይላል። በእውነት ከ240 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው? ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደለት በመሆኑ ዋጋው ይቀንሳል ብለውኛል።

መልስ፦ እመቤቴ፣ የተጻፈው ዓመት እውነተኛ ነው፤ ብሩ የተመታበትን ዓመት ግን አይነግርዎትም። 1780 የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ብሯ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ከመታመኑ የተነሣ ነጋዴው ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበልም አለ። ስለዚህ ከሞተች በኋላም ያው መልኳ፣ ያው 1780፣ ዘመን ከዘመን መመታቱን ቀጠለ። ቪየና፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ሁሉ መትተውታል። ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት ጊዜም ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ውስጥ አስመትቷል። የእርስዎ ከየትኛው እንደ ሆነ የሚለየው በጥቃቅን ምልክት ነው፦ በንስሩ የጅራት ላባ፣ በጠርዙ ጌጥ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው የልብስ ማያያዣ ዕንቁዎች። አጉሊ መነጽር ይያዙና ዕንቁዎቹን ይቁጠሩ። የእኛም ሰው ይህን ያደርግ ነበር። ዕንቁዎቹ ተፍቀው ከጠፉ «ይህስ አይሆንም» ብሎ ይመልሰዋል፤ በየገበያው እንዲህ እየተፈተሸ ነው የኖረው።

ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በጣም ብዙ ስለ ተመታ በጨረታ የሚያስገኘው ከብርነቱ ዋጋ ብዙ አይርቅም፤ ጆሮ ሲበየድበት ደግሞ ሰብሳቢዎች ዝቅ ያደርጉታል። እኔ ግን ለዚያ ጆሮ ልዩ ፍቅር አለኝ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ ጠገራው ከገበያ እየወጣ ብዙው በአንጥረኛ እሳት ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። የእርስዎ አያት ሳያቀልጡ በአንገታቸው አንጠልጥለውት ኖረዋል። ጆሮው ላይ ክሩ ያለሰለሰው ቦታ ይታይ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ያን ያደረገው የአያትዎ አንገት ነው። በፍጹም እንዳያስነቅሉት።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ቤታችን ውስጥ የጃንሆይ መልክ ያለባቸው የመዳብ ሳንቲሞች ተገኙ፤ 1936 ይላሉ። በ1936 አገሪቱ በጣሊያን እጅ አልነበረችም?

መልስ፦ በፈረንጅ 1936 እውነት ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ግን የእኛ አቆጣጠር ነው፤ ነፃነት ከተመለሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህም ዓመት እንደ ጠገራው ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ ተመትቷል፤ ስለዚህ 1936 የሚለው ሁሉ በ1936 አልተሠራም። ካገኛችኋቸው መካከል 25 ሳንቲም ካለ ግን ጠርዙን ተመልከቱ። በመጀመሪያ የወጣው ፍጹም ክብ ነበር፤ በመጠን ከብር ከተሠራው 50 ሳንቲም ጋር ስለሚመሳሰል ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ለማሳለፍ ለሚፈልጉ ተመቸ። በኋላ ጠርዙ ሞገድ እየመሰለ እንዲቆረጥ ተደረገ። ሞገዱ በብዛት ይገኛል፤ ክቡን ያገኘ ሰብሳቢ ግን እንቅልፍ አይወስደውም።

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኳቸውን የድሮ ሳንቲሞች በሎሚና በአመድ አሽቼ አብረቀረቅኋቸው። ጥሩ አደረግሁ?

መልስ፦ አላደረጉም፤ የቀሩትን እባክዎ አይንኩ። ያ ጥቁረት ዘመን ያለበሰው ቆዳ ነው። አሲድና ሻካራ ነገር ቆዳውን ይገፍፉታል፤ ከሱም ጋር ጥቃቅኑን ጽሑፍ ይወስዱታል። የተገፈፈው ደግሞ አይመለስም። ጭቃ ካለው በተጣራ ውኃ ዘፍዝፎ ማቆየት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ አስቸኳይ ነው፦ ነሐስ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ካዩና በመርፌ ጫፍ ሲነካ ከረገፈ፣ ያ ብረቱን ከውስጥ የሚበላ ሕመም ነው። ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡትና ለባለሙያ ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአክሱም አቅራቢያ ነኝ። አጎቴ ከዝናብ በኋላ ሲያርስ አንዲት የወርቅ ገንዘብ አገኘ። አንድ ነጋዴ ሰምቶ መጥቶ «በዶላር ልግዛት፣ ለማንም አትንገር» ብሎታል። እሱም ልቡ ተከፍሏል። ምን ልምከረው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስላቀረብህ አመሰግንሃለሁ። አጎትህ አይሽጣት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ወዲያው ለሚመለከተው አካል ሊገለጽ ይገባል፤ አግኝቶ ላስረከበ ሰውም ተገቢው ሽልማት እንደሚሰጥ ሕጉ ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ነጋዴው «ለማንም አትንገር» ያለው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ወደ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ስታስረክቡም የርክክብ ሰነድ ተቀበሉ።

የአንድ ድሀ ገበሬ እጅ ባዶ እንዳይቀር አንተ እንደምታስብ አውቃለሁ፤ እኔም አስባለሁ። ነገር ግን ከወርቁ የሚበልጠው ማሳው ነው። የወርቅ ገንዘቧ ላይ ንጉሡ በሁለት የእህል ዛላ ተከቦ ታየዋለህ፤ ክብደቷ ሁለት ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል። ከማሳው ተለይታ በነጋዴ ኪስ ስትገባ ቆንጆ ጌጥ ብቻ ትሆናለች። የት እንደ ወጣች፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ስባሪ ገል ጋር እንደ ነበረች ሲታወቅ ግን ትናገራለች። የመን ውስጥ አል መድሃሪባ በተባለ ስፍራ ከ1,000 በላይ የወርቅ ገንዘብ በአንድነት ተቀብሮ ተገኝቷል፤ የሚበዛው የአክሱም ሲሆን የቀረው የሮም ነው። አብረው መገኘታቸው ስለ ታወቀ ሊቃውንት የትኛው የአክሱም ንጉሥ ከየትኛው የሮም ቄሣር ዘመን ጋር እንደሚገጥም ለማመዛዘን ችለዋል። እያንዳንዱ ለየብቻው ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ይህ እውቀት አይገኝም ነበር።

ለገዢዎቹም የምናገረው አለኝ። በ2020 በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ የሮም የወርቅ ገንዘብ ለንደን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጧል። የዩልየስ ቄሣርን መገደል ለመዘከር ከገዳዮቹ አንዱ ብሩቱስ ያስመታው ነው፤ ሁለት ጩቤዎችና በመካከላቸው የነፃነት ቆብ ይታዩበታል። እንዲህ ያለ ወርቅ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ብቻ ነው። ሆኖም የባለቤትነት ታሪኩ የሐሰት ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። የመጣበት የማይታወቅ ገንዘብ የቱንም ያህል ቢያምር ለሰብሳቢ ቤት አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው። ከአንድ ሱቅ ጉጉት ያለበት የአቴና ብር ገዛሁ። ትክክለኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ክብደቱ 14 ግራም ሆነብኝ፤ ጠርዙ ዙሪያ ቀጭን መስመር አለው።

መልስ፦ የምነግርዎት ደስ የሚያሰኝ አይደለም። ጉጉት ያለበት የተለመደው ትልቅ የአቴና ብር 17 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ አቴናውያን በላውሪዮን ማዕድን ብራቸው የታመኑት ከዚህ ክብደት ባለመጉደላቸው ነው። በጠርዙ የሚዞረው መስመር ደግሞ በሁለት ቅርጽ መካከል የፈሰሰ ብረት ምልክት ነው፤ እውነተኛው በመዶሻ የተመታ እንጂ የፈሰሰ አይደለም። ለማረጋገጥ ኩባያ ውኃ በትንሽ ሚዛን ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ። ገንዘቡን በክር አንጠልጥለው ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ ያጥልቁትና ሚዛኑ የሚያሳየውን ይመዝግቡ። ደረቅ ክብደቱን ለዚያ ቁጥር ያካፍሉ። ለንጹሕ ብር ውጤቱ ወደ 10 ተኩል ይጠጋል። በጣም ካነሰ ብር አይደለም።

ካሉበት ከቀይ ባሕር ዳርቻ አንጻር ግን አንድ ነገር ልጨምር። የጥንት የደቡብ ዐረቢያ ነገሥታት፣ የሕምያር ሰዎችም ጭምር፣ የአቴናን ጉጉት እየቀዱ የራሳቸውን ብር መትተዋል። ከአቴናው ብር በመጠንም ያንሳል፤ የጉጉቱም መልክ ይለወጣል፤ አንዳንዱ ላይ የደቡብ ዐረቢያ ፊደል ይታከልበታል። ያ ሐሰተኛ ገንዘብ አይደለም፤ የራሱ አገር እውነተኛ ገንዘብ ነው። እኔ በግሌ ከአቴናው ይልቅ ይህን እወዳለሁ፦ ጉጉቱ ባሕር ተሻግሮ አዲስ ቋንቋ ተማረ። በሚቀጥለው ሲገዙ ግን የመጣበትን በሰነድ ከሚያሳይ ሻጭ ብቻ ይግዙ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ገንዘብ የለኝም። ልሰብስብ ብል ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ጥንታዊ ሁሉ ውድ አይደለም። የቆስጠንጢኖስና የልጆቹ ነሐስ በሚሊዮን ስለ ተመታ፣ 1,700 ዓመት የሚጠጋ ሆኖም በውጭ አገር ገበያ በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ መካከሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው የቻይና ነሐስም እንዲሁ ነው። አሁን ግን ምንም አትግዛ። ከቤትህ መሳቢያ ጀምር። 1969 የሚል ሳንቲም አታጣም፤ በ1 ሳንቲሙ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በ10 ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን ታገኛለህ። አያትህን «ይህ ምን ይገዛ ነበር?» ብለህ ጠይቅ። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተት፣ ብረቱን ያበላሻል፤ ትንሽ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። በፖስታው ላይ ከማን እንዳገኘኸው፣ መቼ፣ የት፣ ክብደቱ ስንት እንደ ሆነና አያትህ የነገሩህን በእርሳስ ጻፍ። ሳንቲሙን ስትይዝ ጠርዙን ብቻ ያዝ።