መልስ፦ ጨዋማ አፈር ላይ ቲማቲም ለፈንገስ ለምን ይጋለጣል?
ወንድሜ፣ ጨዋማ አፈር ላይ የተተከለ ቲማቲም በፉዛሪየም ፈንገስ ለምን ቶሎ እንደሚጠወልግ ጠይቀሃል። ዋናው ጉዳይ ሆርሞን ነው። ጨው ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ተክሉም ውሃ ለመቆጠብ አብሲሲክ አሲድ በብዛት ያመርታል። ይሄ ሆርሞን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ግን በዚያው የሳሊሲሊክ አሲድን ሥራ ያዳክማል። ሳሊሲሊክ አሲድ ደግሞ የመከላከያው ማንቂያ ነው። እሱ ሲደክም ፈንገሱ መንገድ ያገኛል። ጨው የጎዳው ሥር የሚያፈሰው ስኳርም ይመግበዋል።

ሁሌ ግን እንዲህ አይደለም። የሚገርመው፣ አስፓራገስ የሚባለው አትክልት ላይ የገበታ ጨው የፉዛሪየምን ጉዳት ሲቀንስ ታይቷል።

ፀረ ፈንገስ ከመርጨትህ በፊት እባክህ የአፈሩን ጨዋማነት አስለካ። ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር (የአፈር ጨዋማነት የሚለካበት አሃድ ነው) ካለፈ ጨዋማ ነው የሚባለው። ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ከሆነ ጨው በሌለው ውሃ እጠበው፤ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ መጀመሪያ ማፋሰሻ ቦይ ያስፈልገዋል።