ሆዷ ለሚላወስባት የሕክምና ተማሪ

አንዲት የሕክምና ተማሪ ሰሞኑን፣ «ዶክተር፣ ከመምህራን ጋር ታካሚዎችን በየአልጋቸው በምንጎበኝበት ራውንድ ላይ ስጠየቅ ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮ የሚርገበገብ ይመስለኛል፤ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩ ይሆን?» አለችኝ። ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። ከብዙ ዓመታት በፊት ይህንኑ ራሱን ጠይቆ «አዎ» ብሎ የመለሰ ጓደኛ ነበረኝ።

ከሁላችንም የላቀ ጎበዝ ነበር። አንድ ጠዋት ከገጠር የመጡ እናት አልጋ ዙሪያ ቆመናል። እሱ ማታውን አጠገባቸው ተቀምጦ ደረታቸውን ሲያዳምጥ አምሽቷል፤ ሕመማቸው ከልጅነት የጉሮሮ ቁስለት የተነሣ፣ የልብን በር ያጠበበ ሩማቲክ መሆኑንም በሹክሹክታ ነግሮኛል። መምህራችን «እሺ፣ አንተ!» ሲሉት ግን ፊቱ አመድ መሰለ። የማዳመጫውን ጎማ በጣቱ ላይ ጠመጠመው፣ ፈታው፣ እንደገና ጠመጠመው። እናትየዋ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ማታ የነገርከኝን ንገራቸው» አሉት። ሆዱን ይዞ ወጣ። እኚያ እናት ከሆስፒታል ሲወጡ ፈልገው ስላጡት፣ ያስቀመጡለትን ቆሎ ለእኔ አደራ አሉኝ። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ ሆድ በጭንቀት ለምን እንደሚላወስ መልሱ ሁላችንም ለፈተና የሸመደድነው መሆኑ ነው። አሜሪካዊው የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ዋልተር ካነን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹ መገባደጃ፣ የድመቶችን የምግብ መፈጨት በራጅ ሲመረምር፣ ድመቷ ስትጨነቅ የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ ሲል ተመለከተ። ያኔ እሱም ገና የሕክምና ተማሪ ነበር! በድንጋጤ ጊዜ አድሬናሊን የተባለ ሆርሞን ይረጫል፤ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ልብ ይፈጥናል። ሰውነት ለሥራ እየተሰናዳ ነው። ይህን ለዚያ ልጅ የነገረው አንድም ሰው አልነበረም።

አንብቢ፣ ተዘጋጂ አልልሽም። ራውንድ ባለበት ጠዋት በባዶ ሆድሽ ቡና አትጠጪ፤ ትንፋሽሽን ስታስወጪ ደግሞ አትቸኩዪ፣ ልብ የሚረግበው ያኔ ነውና። የዛሬ ወጣቶች ጭንቀታችሁን ሳታፍሩ መናገራችሁ ደስ ይለኛል፤ ጓደኛዬ ይህ ድፍረት በኖረው! ለጭንቀት ሁሉ ክኒን መፈለጋችሁን ግን አልወድም። የልብን ምት የሚያረጋጋውን ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። እርግጥ እኔም መርምሬ ያዘዝኩላቸው አሉ፤ ጠቅሟቸዋልም።

ምላስሽ ሲተሳሰር ከበሽታው ስም አትጀምሪ። ታካሚዋ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳስቸገራቸው ተናገሪ። አጠገባቸው ያመሸሽው አንቺ ነሽ፤ መምህርሽ ይህን የሚሰማው ካንቺ ነው።